የታሰሩ አውራ ጣቶች

ሬሳውን ያዩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ለቡ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ ጀርባ፣ አሸዋ ሊዝቁ ሄደው ክምሩ ሥር ነጭ ነገር ተጋድሞ አገኙ። አንዱ «ሙሽራ ናት!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ሙሽራ ትመስል ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋ በወግ ተደርቦላታል፣ ዓይኗም ተከድኗል። ሙሽራ ያልሆነው ሽታዋ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር አምሳለ አፍንጫዋን ሳትይዝ ጎንበስ አለች። ሽታው ሁለት ነበር። ከላይ ያለው የጽጌረዳ ሽቶ ነው፤ ጣፋጭ፣ በጠርሙስ ሙሉ የተደፋ። ከሥሩ ያለው መግል ነው። ሽቶው መግሉን አልሸፈነውም፤ ሁለቱ ተጋብተው ሦስተኛ ሽታ ወልደዋል። አምሳለ ምራቋን መዋጥ ስላቃታት ወደ ጎን ዞራ ተፋች።

«እግሯን እየው» አለች።

ሳጅን ቀጄላ አየ። በሁለቱም እግሮች አውራ ጣት ላይ ቀጭን ጭረት ዞሯል። በአንደኛው ጥፍር ሥር ነጭ ክር ተሰንቅሯል።

«ጫማ ጠብቧት ይሆናላ።»

«ክር ያለው ጫማ የት አየህ?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

አምሳለ ክሩን ተጠግታ አየችው። እንዲህ ያለ ጭረት የምታውቀው አባቷ ያረፉ ቀን ነው። ጎረቤት መጥቶ ዓይናቸውን ከደነ፣ የእግር አውራ ጣቶቻቸውን ገጥሞ በክር አሰረ። ሰው ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው የሚያደርግለት ነገር ነው። ገድሎ አሸዋ ላይ የሚጥል ሰው ግን ማንን ይገንዛል?

* * *

እኩለ ቀን ሳይሆን ማንነቷ ታወቀ። ሌንሳ ትባላለች፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር የሴቶች ልብስ ሱቅ አላት። ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ላፍቶ ላይ ያርሱ የነበሩ ናቸው። እናቷ ገዲሴ ዛሬም ሁለት ላም አላቸው፤ ወንድሟ ቦንሳ ሲኖትራክ ይነዳል። ሰኞ አመሻሽ ላይ ያንን አሸዋ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ የገለበጠው ቦንሳ ነው።

«ገልብጬ ሄድኩ» አለ ጣቢያ ሲጠየቅ። «ማንንም አላየሁም።»

«እህትህን መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል፣ ሱቋ ሄጄ የተጣላን ቀን። ከዚያ በኋላ ለእናታችን ‘ለሥራ ሐዋሳ እሄዳለሁ’ ብላት ጠፋች።»

«ምን ብለሃት ነው የተጣላችሁት?»

ቦንሳ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው እንጂ ከሰው ሰምቻለሁ።»

«ጡቴን ላስተልቅ ነው አለችኝ። እኔም... ‘ካስገባሽ በቢላዬ አወጣዋለሁ’ አልኳት። ንዴት ነው! ስንት ሰው ቆሞ እየሰማ! ሊገድል ያሰበ ሰው እንደዚያ ብሎ ይጮሃል? እህቴ’ኮ ናት፣ ኢንስፔክተር!»

የጣቢያው አዛዥ ፋይሉን ሲያዩ ብዙ አላሰቡም። «ዛቻ አለ፣ ምክንያት አለ፣ ሬሳው የተገኘው ሰውየው የሚሠራበት ቦታ ነው። ሐሙስ ፍርድ ቤት አቅርቡት። ሌላ ምን ይጎድልሻል?»

«ክሩ» አለች አምሳለ።

«የምን ክር?»

ያሰበችውን ጮክ ብላ መናገር አፈረች። ስትወጣ ገዲሴን ከጣቢያው አጥር ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቀጄላ «አደ ገዲሴ፣ ይነሱ፣ መሬቱ ይበርዳል» ቢላቸው አልሰሙትም። የአምሳለን ቀሚስ ጫፍ ያዙ።

«ልጄ ልጄን አልገደለም» አሉ። «አንዱን ቀብሬ አንዱን ላስር ነው?»

* * *

የሆስፒታሉ መርማሪ ሐኪም አንሶላውን እስከ ወገብ ገለጠው። አምሳለ ዓይኗን አልመለሰችም። ከሁለቱም ጡቶች ሥር ቆዳው ተቦጭቋል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ሌባ እንደገለበጠው ኪስ። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነበር።

«እዚህ ውስጥ የሲሊከን ከረጢት ነበር» አለ ሐኪሙ። «ቀዶ ጥገናው ከተሠራላት ሁለት ሳምንት አይሞላትም። ንጽሕና አልነበረውም፤ አመርቅዞ ደሟን መርዞታል።»

«የገደላት ይኼ ነው?»

«ብቻውን ይገድላል። ግን ከረጢቶቹን ያወጣው ሰው በጭካኔ ነው የቀደደው። ያኔ ትተነፍስ ነበር ወይ ካልሽኝ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ አልምልልሽም።»

«መቼ ሞተች?»

«መግል የያዘ ገላ ቶሎ ይበላሻል። እሑድም ሊሆን ይችላል፣ ሰኞም።»

ቀጄላ ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ነው የተናገረው። «እሑድ ከሆነ ቦንሳ ነፃ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሞጆ አሸዋ ወረፋ ላይ ነበር፤ የሾፌር መዓት ይመሰክርለታል። ሰኞ ከሆነ ግን ለቡ ነው። አለቀለት።»

«ቀሚሷ ላይ የደም ጠብታ አየህ?»

«የለም።»

«ቀዷት፣ አጥቧት፣ ሽቶ ደፍቶባት፣ ከዚያ ነው ያለበሳት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በንዴት አይመጣም።»

ውጪ ወጥታ ብዙ አየር ሳበች። ጽጌረዳው አፍንጫዋ ውስጥ ቀርቷል።

* * *

ከሌንሳ ሱቅ ጎን ኮስሞቲክስ የምትሸጠው ዙሌካ ዓይኗ አብጦ ነበር። አፏ ግን አልተዘጋም።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ እህቴ። እኔን አይታ ነው። እኔ ጡቴን አሠርቻለሁ፤ ደብቄም አላውቅ። ሁለት ልጅ አጥብቼ ባዶ ፌስታል ሆኖብኝ ነበር! ትልቅ ሆስፒታል፣ ትክክለኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ሄጄ ነው የተሠራሁት። አንድ ቀን መጥታ ‘ዙሊ፣ ያማል?’ አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እውነቱን ነዋ! የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሬ ደረትሽ ላይ የተኛ ይመስልሻል አልኳት። በጎንሽ የለ፣ በሆድሽ የለ። በጀርባሽ፣ ትራስ ተደርድሮልሽ፣ እንደ አራስ ተደግፈሽ ነው የምትተኚው። ክንድሽን ከትከሻሽ በላይ አታነሺም። ስንት ሳምንት እህቴ ናት ፀጉሬን ያበጠረችልኝ! በራስ የሚጠለቅ ልብስ እርሺው፤ የባሌን ሸሚዝ ለብሼ ከረምኩ። እሱማ ‘ሸሚዜን ከወሰድሽ ጢሜንም ውሰጂው’ እያለ ይስቅብኝ ነበር።» እሷም ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። «ዕቃ ማንሳት የለም። ሶላቴን እንኳ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሰገድኩት። መሬት ተደፍተሽ በእጅሽ ተደግፈሽ ልነሳ ብትዪ ስፌቱ ይተረተራል፤ ሕመሙም ነፍስሽን ያስትሻል።»

«መልኩስ?»

«መጀመሪያ ያስደነግጣል። ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ አንገትሽ ሥር የተሰቀለ ይመስላል፣ አንዱ ካንዱ ይበልጣል። ጫፉ ይደነዝዛል። በወራት ነው ቦታውን የሚይዘው። ይኼ ያለ ነው፣ አትፍሪ አልኳት። ትኩሳት ከመጣ፣ ከቀላ፣ ከሸተተ ግን ሆስፒታል ሩጪ አልኳት። በአላህ ስም አስምያታለሁ!»

«አልሄደችም?»

«ርካሽ ያገኘች መስሏት መካኒሳ አንድ የውበት ቤት ተሠራች። ፊት የሚያሽ፣ ፀጉር የሚተክል ቤት’ኮ ነው! ቅዳሜ ደውላ ‘ዙሊ፣ ራሴ ለራሴ እየሸተትኩኝ ነው’ አለችኝ። ሩጪ አልኳት። ‘ዶክተር ራጉኤል ያለ ነው፣ እኔ ጋ መጥተሽ ተኚ ብሎኛል’ አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው።»

* * *

የውበት ቤቱ በር ሲከፈት አምሳለን የተቀበላት ጽጌረዳ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሳጥን በየጊዜው እስ እያለች ትተፋዋለች። አሸዋው ላይ የሸተታት ያው ሽቶ ነው።

ራጉኤል ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ለስላሳ እጁን ዘርግቶ መጣ። ሰላም እያላት ዓይኑ ፊቷ ላይ አልቆየም፤ ወርዶ ደረቷን መዘነ፣ የበግ ላት እንደሚዳብስ ነጋዴ።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎም ወልደዋል መሰለኝ። ትንሽ ቢነካካ እኮ...»

«ስለ ሌንሳ ይንገሩኝ።»

«ምስኪን! እዚህ ቀዶ ጥገና የለም፤ የት እንደተሠራች እግዜር ይወቅ። ቁስሏ እንዲታጠብላት መጣች፤ አዝኜ አስተኛኋት። ሰኞ ጠዋት ተሽሏት በእግሯ ወጣች። ሲስተር ብርነሽ ነበረች የምታያት።»

ሲስተር ብርነሽ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፤ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው።

«ወጣች?» አለቻት አምሳለ።

«ወጣች።»

«ያን ዕለት ደኅና ነበረች?»

ብርነሽ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ራጉኤል ቀደማት። «የፈራችው ቁስሉን አልነበረም፣ ወንድሟን ነው። ‘በቢላዬ አወጣዋለሁ ብሎኛል፤ ለቡ አሸዋ ያመላልሳል፣ እንዳያገኘኝ’ እያለች ስታለቅስ ነበር። ምን ይደረጋል! ያልሠለጠነ ሰው...»

ቀጄላ መንጋጋው ሲጠብቅ አምሳለ አየችው። በዓይኗ ወደ በሩ ሰደደችው።

ለማታ ተራቸው የገቡት ዘበኛ ጋሽ መኩሪያ አሮጌ ወታደር ናቸው፤ ሲጠየቁ ተነስተው ቆሙ።

«አይቻታለሁ እንጂ ልጄ! ሰኞ ጠዋት የቀን ተተኪዬ ዘግይቶብኝ በሩ ላይ ቆይቼ ነበር፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወጣች።»

«ፊቷን አይተውታል?»

«የተከናነበች ሴት ፊት ስገልጥ ልኑር? ጨዋነቷን ግን አይቻለሁ። የዛሬ ልጆች በታክሲ መስኮት አማትበው ነው የሚያልፉት። እሷ እዚህ ጋ ቆመች፣ ማዶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረች፣ ተደፍታ ሰገደች። ግንባሯን አስፋልት አስነክታ! ከዚያ አፈፍ ብላ ተነስታ፣ ነጠላዋን መልሳ ተከናንባ ሄደች። ‘እንዲህ ያለችም አለች’ አልኩ። ይቺን ልጅ ነው የገደሏት? ወይኔ!»

መኪናው ውስጥ ቀጄላ በረጅሙ ተነፈሰ። «በቃ። ሰኞ ጠዋት በሕይወት ነበረች። ይኼ ሽማግሌ አይዋሽም። የቦንሳ ነገር...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አደ ገዲሴን ነገ ምን እንደሚላቸው እያሰበ ይሆናል።

አምሳለ ቀበቶዋን ልትስብ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ቀጄላ።»

«አቤት።»

«ዙሌካ ሶላቴን ምን ላይ ሆኜ ነው የሰገድኩት ያለችው?»

«ወንበር ላይ...» ሞተሩን አጠፋው። ዞሮ አያት። «መሬት ላይ የሰገደችው ልጅ...»

«ደረቷ መግል የያዘ፣ ክንዷን ማንሳት የማትችል ልጅ ተደፍታ ሰግዳ አፈፍ ብላ አትነሳም። ያንን ቀሚስ ራሱ በራሷ አጥልቃ አትለብሰውም። ሽማግሌው አልዋሹም። ያዩት ሌላ ሰው ነው።»

«ማንን?»

«ነገ ጠዋት እዚሁ እንቁም። ልማድ ያለው ሰው ይደግመዋል።»

* * *

ሐሙስ ጠዋት የመካኒሳ ታክሲዎች ረዳቶች እየተጯጯሁ ነበር። ቦንሳ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አምሳለና ቀጄላ ያለ ደንብ ልብስ አጥሩ ጥግ ቆመዋል። ጋሽ መኩሪያ ዛሬ ተለምነው ተራቸው ካለቀ በኋላም በሩ ላይ ቆይተዋል።

ብርነሽ ከታክሲ ወረደች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች፣ ወደ ማዶ ዞረች፣ አማተበች። ጉልበቷ ታጠፈ፣ ሁለት መዳፏ መሬት ነካ፣ ግንባሯ አስፋልቱ ላይ አረፈ። አፈፍ ብላ ተነሳች። የነጠላዋን ጫፍ መልሳ ተከናነበች።

ጋሽ መኩሪያ ቆመው አዩ። አፋቸው ተከፈተ። ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁ።

አምሳለ ቀረበቻት። «ሲስተር፣ ጥሩ ሰገድሽ።»

ብርነሽ የሰው ድምፅ እንደማታውቅ ሆና አየቻት።

«ሰኞም እንደዚሁ ሰግደሻል።»

«እግሬ ነው» አለች ብርነሽ። «ሳልሰግድ ልሄድ ነበር... በዚህ በር አልፌ ሳልሰግድ ሄጄ አላውቅም። እግሬ ራሱ ቆመ።»

«ጣቶቿንስ ያሰረው? እሱም እጅሽ ራሱ ነው?»

ሴትዮዋ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ያወራችው ሁሉ ከዚያው ከተቀመጠችበት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ታማ መስሎት ውኃ ልግዛላት የሚልም ነበር።

«እሑድ ነው ያረፈችው። ‘እማዬን ጥሩልኝ’ ትል ነበር። እሱ ‘ያለ ነው፣ እብጠት ነው’ ይላል። ሆስፒታል እንውሰዳት አልኩት፤ ‘ወስደሽ ማን ሠራት ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?’ አለኝ። ስታርፍ ዓይኗን ከደንኩላት። ከነጠላዬ ክር መዝዤ ጣቶቿን አሰርኩ። እሱ አይቶ በመቀስ ቆረጠው። ‘ሬሳ ናት እንጂ ጻድቅ አይደለችም’ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ቀደዳት። ‘ወንድሟ ያወጣው ይመስላል’ አለ። ሰኞ ጠዋት እኔን አስከናንቦ በፊት በር አስወጣኝ፤ በጓሮ ተመለስኩ። አመሻሽ ላይ በመኪናው ወስዶ ጣላት።»

«ቀሚሱ የማን ነው?»

«የኔ ነው። የቅዳሴ ቀሚሴ። እሷ የመጣችው በወንድ ሸሚዝ ነው፤ ሸሚዙ ተበላሽቶ... ራቁቷን እንዴት ትሂድ?»

አምሳለ ይኼን ጊዜ ነው የተጸየፈችው፤ ከራጉኤል ይልቅ ይቺን። ራጉኤል ነጋዴ ነው። ይቺ ግን ሬሳውን በጥንቃቄ አልብሳለች። ለቀሚሱ ስታስብ፣ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ስለሚወድቀው ገመድ አላሰበችም።

«ያወጣውን የት አደረገው?»

ብርነሽ በጣቷ ወደ ቤቱ ጠቆመች። «ማቀዝቀዣው ውስጥ። ምሳዬን ከማስቀምጥበት በላይ።»

* * *

የኋላው ክፍል ቀዝቃዛ ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ የፊት ቅባት፣ ግማሽ የተበላ እርጎ፣ ከሥር በፌስታል የታሰረ ሽሮ አለ። ከላይ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ቀጄላ በጓንት ከፈተው። ሁለት ቢጫማ ከረጢቶች አልኮል ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ አንዱ ጠርዝ ላይ ክር የመሰለ ሥጋ ቀርቷል። ቀጄላ ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሲያስመልሰው ተሰማ።

አልጋው ላይ አንዲት ወጣት በአረንጓዴ ጋውን ተቀምጣለች፤ ራጉኤል አጠገቧ ወንበር ላይ ነው። ደረቷ ላይ በብዕር ክብ ተሥሏል። አምሳለንና ራጉኤልን በየተራ አየቻቸው።

«ይቅርታ» አለች ልጅቷ፤ «ቀጠሮዬ ተሰረዘ እንዴ? ከሥራ አስፈቅጄ ነው’ኮ የመጣሁት።»

አምሳለ ምሳ ዕቃውን ከኋላዋ ደበቀችው። «ልብስሽን ልበሺ፣ እህቴ። ቤትሽ ሂጂ።»

ራጉኤል እጁን ዘርግቶ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ በሰከነ መንፈስ እንነጋገር። ዕቃው ጥራት ያለው ነው፤ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ለሌላ ሴት ይገባል። ሌላ አገርም...»

«ተነስ» አለችው። እስካሁን እርስዎ ብላው ነበር። «አንተ፣ ተነስ።»

ካቴናውን ያሰረችው ራሷ ናት። የእጁ ልስላሴ መዳፏ ላይ ቀረ፤ ቧንቧው ጋ ቆማ ሳሙናው እስኪያልቅ ታጠበች። ሳሙናውም ጽጌረዳ ነበር።

* * *

ከሰዓት በኋላ ገዲሴ ሬሳውን ሊረከቡ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመዋል። ቦንሳ በአንድ ክንዱ ደግፏቸዋል። ጠዋት ሲፈታ ሁሉም ነገር ተነግሮታል፤ ለእናቱ ግን ‘ሐኪሙ ነው የገደላት’ ከማለት በቀር አልጨመረም። አምሳለን ሲያይ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«በቢላዬ ያልኩት...» አለ። «የቀደዳት የኔን አፍ ሰምቶ ነው አይደል?»

አምሳለ ወደ እናቱ ዞረች።

ገዲሴ እጇን ያዙ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅድም አስገብተው አሳዩኝ። ልጄን ያለ እናት ሞተች ብዬ ነበር የማለቅሰው። እግሯን ሳየው ግን የክር ምልክት አለው። ማን ነው ጣቶቿን ያሰረላት?»

ቦንሳ ቀና አለ። ፊቱ ጠቆረ።

«አንዲት ሴት ናት፣ እማማ።»

«ስትሞት አጠገቧ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ዓይኗንም የከደነችላት እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ብቻዋን አልሄደችም በይኛ!» ገዲሴ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ቆሙ። «የሰው ልጅ ናት፤ የእናት አንጀት አላት ማለት ነው። ስሟን ንገሪኝ፤ ስሟን ጠርቼ ልመርቃት።»

አምሳለ አፏ መራራ ምራቅ ሞላ። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ቦንሳን አየችው። በቢላ የዛተው ልጅ ጥርሱን ነክሶ፣ የእናቱን ትከሻ ወደ ራሱ ሳበ።

«አዮ፣ እናቴ፣ ፖሊሶቹም ስሟን አያውቁትም» አለ። «መንገድ ላይ ያለፈች ሴት ናት። ነይ እንሂድ።»

«ግድ የለም» አሉ ገዲሴ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እሱ ያውቃታል። የሥራዋን ይስጣት።»

«አሜን» አለች አምሳለ፣ ከልቧ።